ለቤተሰብ የዒላማ ተኩስ ባለ .22 ጠመንጃ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለቤተሰብ የትኛው ካሊበር (የጥይት ልክና ዓይነት) ይሻላል?

.22 ሎንግ ራይፍል። ብዙ ማውጣት ማውረድ አያስፈልገውም። ጥይቱ ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተመረተ ነው። ከቀለሁ ወጥቶ የሚሄደው የተለመደው እርሳስ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ትከሻንም አይመታም ማለት ይቻላል። ዋናው ጥቅሙ ግን ርካሽነቱ ነው። ተኩስ የሚለመደው በመደጋገም ነው፤ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ በአንድ ጠዋት 200 ጥይት ቢጨርስ የሚገርም አይደለም። ስለዚህ ሂሳብ ሲሠሩ ከጠመንጃው ዋጋ ይልቅ የዓመቱን የጥይት ወጪ ያስቀድሙ።

በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው .22 ማግነምና በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው .17 ኤችኤምአር ፈጣኖች ናቸው፣ ሩቅም ይደርሳሉ። ነገር ግን በ50 ሜትር ወረቀት ለመብሳት ያ ፍጥነት አያስፈልግም፤ ጥይታቸውም ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። .22 ማግነም እና .22 ሎንግ ራይፍል በስም ይቀራረቡ እንጂ አንድ አይደሉም። የማግነሙ ቀለህ ሰፋ ያለ ስለሆነ ሎንግ ራይፍሉ ማግነም ጠመንጃ ውስጥ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን ቀለሁ ደጋፊ አጥቶ ይሰነጠቃል፣ ትኩሱም ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍና የጥይቱን ፓኮ አስተያይተው ያንብቡ።

በእጅ የሚቀባበሉት ምን ምን ዓይነት ናቸው? የትኛውን ልውሰድ?

ባለ ቦልት፣ ባለ ሌቨር (ከምላጩ ሥር ያለው እጀታ ወደ ታችና ወደ ላይ የሚመላለስ)፣ ባለ ፓምፕ (ከአፈሙዙ ሥር ያለው መያዣ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሳብ) እና ነጠላ ተኳሽ (አንድ ጥይት ብቻ የሚይዝ) ናቸው። ለቤተሰብ ባለ ቦልቱን እናስቀድማለን። ምንሽር ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው አሠራር ነው፦ እጀታውን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች።

የምናስቀድመው በሦስት ምክንያት ነው። ቦልቱ ተከፍቶ ወደ ኋላ ከተሳበ ጠመንጃው እንደማይተኩስ ከአምስት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሳይቀር ያያል። ቦልቱ ተነቅሎ ስለሚወጣ አፈሙዙን ከኋላ በኩል ማጽዳት ይቻላል። ከዚህ በተጨማሪ ልጁ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ሳይቸኩል፣ በመሀል እየተነፈሰ እንዲሄድ ያስገድደዋል።

ባለ ሌቨሩ ደስ የሚል ጠመንጃ ነው፤ ለአዋቂና ለጎረምሳ ይሆናል። ለጀማሪ ልጅ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ጥይታቸውን የሚይዙት ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ነው፤ ሄንሪ ኤች001 ለምሳሌ 15 የሎንግ ራይፍል ጥይት ይይዛል። ስንት እንደቀረ በዓይን አይታይም። አንዳንዴ ቱቦው ባዶ መስሎ አንዲት ጥይት ውስጥ ተሸጉጣ ትቀራለች። ሲያራግፉ የውስጡን ዘንግ ሙሉ በሙሉ ያውጡ፣ ሌቨሩን አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሱ፣ ከዚያም በትንሽ ጣትዎ የጥይቱን ቤት፣ ማለትም ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበትን የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ፣ ይዳብሱ። ሁለተኛ፣ መርፌውን የሚመታው መዶሻ ውጭ ነው። የተቀባበለውን መዶሻ ሳይተኩሱ በአውራ ጣት ማውረድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ላብ ያለበት ትንሽ ጣት ደግሞ ያንሸራትታል። የፓምፑም ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም።

ጠመንጃው ለልጄ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ለቤተሰብ የሚገዛ ጠመንጃ በቤቱ አጭር ሰው ይለካል። አዋቂ አጭር ሰደፍ ይዞ ትንሽ ተጎብጦ ይተኩሳል፤ ልጅ ግን ረጅም ሰደፍ ይዞ በትክክል መተኮስ አይችልም። ሰደፉ ሲረዝምበት ከብብቱ ሥር ይሸጉጠዋል፣ ወይም ወደ ኋላ ተለጥጦ ሆዱን ያወጣል። በዚያ አቋም የተማረው ልማድ በኋላ ለመንቀል ያስቸግራል።

የሚለካው ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ ያለው ርቀት ነው። ለአዋቂ የሚሠሩት 34 ወይም 35 ሳ.ሜ. ይሆናሉ። ለልጅ የሚሠሩት ከ28 እስከ 32 ሳ.ሜ. ናቸው። ቀላል መለኪያ አለ፦ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ልጁ ክንዱን በክርኑ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይጠፍ፤ የሰደፉን ጫፍ ክንዱ የታጠፈበት ቦታ ላይ ያስደግፉለት። የአመልካች ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ያለ ጭንቀት ምላጩ ላይ ካረፈ ልኩ ነው። ጣቱ ጫፍ ብቻ ከደረሰ ይረዝምበታል።

ክብደቱንም አይርሱ። ሳቬጅ ራስካል የሚባለው የልጆች ነጠላ ተኳሽ 1.2 ኪ.ግ. ገደማ ይመዝናል፤ ለአዋቂ የተሠሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪ.ግ. ይደርሳሉ። ከጠቅላላው ክብደት ይበልጥ ወሳኙ ሚዛኑ የት እንደሚያርፍ ነው። ወፍራም አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎም ጥሩ ይመታል፤ ልጁ ቆሞ ሲይዘው ግን ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ጫፉ ወደ መሬት ይወርዳል። ለአፈሙዙ ርዝመት አይጨነቁ፤ .22 ጥይት ከባሩዱ የሚያገኘውን ጉልበት በ40 ሳ.ሜ. ውስጥ አብዛኛውን ተጠቅሞ ጨርሷል።

ልጁ በየዓመቱ ስለሚያድግ ሰደፉ የሚረዝም ወይም የሚቀየር ቢሆን ገንዘብ ይቆጥባል። ሲዜድ 457 ስካውት የሚባለው የልጆች ባለ ቦልት ጠመንጃ ሰደፉ 30 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ ልጁ ሲያድግ የአዋቂ ሰደፍ ይገጠምለታል፣ ጠመንጃው ያው ነው።

የትኛው ትከሻ ላይ ይያዝ?

የሚወስነው እጅ ሳይሆን ዓይን ነው። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራ፤ በሁለት ዓይኑ እያየ ሩቅ ያለ ነገር በቀዳዳው ውስጥ ያስገባ። አንድ ዓይን ሲጨፍን ነገሩ ከቀዳዳው ከጠፋ፣ ጠንካራው ዓይን የተጨፈነው ነው። ቀኝ እጅ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚበረታ ጀማሪ በግራ ትከሻ ቢጀምር ይሻለዋል። የግራ ቦልት ያላቸው ሞዴሎች አሉ። ባለ ሌቨሩ በዚህ በኩል ለሁለቱም ወገን እኩል ነው።

ነጠላ ተኳሽ ወይስ ካዝና ያለው?

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነጠላ። አንድ ጥይት በእጅ ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ ቦልቱ ይከፈታል። አዋቂው ጥይቱን በመዳፉ ይዞ አንድ በአንድ እየሰጠ መቆጣጠር ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን ነጠላ ተኳሽ መግዛት ግድ አይደለም፤ ለአንዳንድ ባለ ካዝናዎች በካዝናው ቦታ የሚገባ፣ ጥይት የሚያስቀምጡበት ፕላስቲክ አለ። ስካውቱ ሲሸጥ ይህ ፕላስቲክ አብሮት ይመጣል።

ከነጠላዎቹ መካከል ቦልቱ ሲዘጋ የማይቀባበሉ፣ በኋላ ያለችውን ትንሽ ጉብ ስቦ ማቀባበል የሚጠይቁ አሉ፤ ክሪኬት የሚባለው የልጆች ጠመንጃ አንዱ ነው። ለደኅንነት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ጉቧ ጠንካራ ናት። የስድስት ዓመት ልጅ ጣት ብዙውን ጊዜ አይስባትም። ሲታገል ደግሞ አፈሙዙ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ከመግዛትዎ በፊት ልጁ ራሱ ይሞክራት።

ያገለገለ ጠመንጃ ብገዛ ምን ልመልከት?

.22 በጥይት ብዛት አፈሙዙ ቶሎ አያልቅም፤ በአያያዝ ይበላሻል። ስለዚህ አሮጌ መግዛት ብልህነት ነው፣ አምስት ደቂቃ ከታየ።

ቦልቱን አውጥተው በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን ይመልከቱ። ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች ጥርት ብለው ሊታዩ ይገባል። መሀል ላይ እንደ ቀለበት የጠቆረ ጥላ ካዩ ይተዉት፤ አንድ ቀን ጥይት ውስጥ ቀርቶ ሌላ ተተኩሶበት አፈሙዙ አብጧል ማለት ነው። የአፈሙዙን ጫፍ በጥፍርዎ ይዳብሱ። ጥይቱ የሚለቅበት ጠርዝ ላይ ጭረት ወይም ጎድጓዳ ካለ አይመታም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፊት በኩል በብረት ዘንግ በማጽዳት ነው።

ቀጥሎ የጥይቱ ቤት አፍ ይታያል። መቺ መርፌው በሚያርፍበት ቦታ ላይ የተቀጠቀጠ ጎድጓድ ካለ ባዶውን ብዙ ተተኩሷል፤ ጥይት ሲገባ ይይዛል፣ ቀለህ ሲወጣ ይጎትታል።

በመጨረሻ ሴፍቲው። ባዶውን ያቀባብሉ፣ ሴፍቲውን ይቆልፉ፣ ምላጩን ጠንከር አድርገው ይሳቡና ይልቀቁ። ከዚያ ምላጩን ሳይነኩ ሴፍቲውን ይክፈቱ። “ጧ” ካለ ጠመንጃው አደገኛ ነው፤ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም።

ቴሌስኮፕ መነጽር ልግጠም ወይስ በብረቱ ማነጣጠሪያ ይበቃል?

ለጀማሪ የምንመርጠው ከኋላ ቀዳዳ ያለውን የብረት ማነጣጠሪያ ነው። ዓይን በቀዳዳው ውስጥ የፊተኛውን እሾህ ራሱ መሀል ያደርገዋል፤ ልጁ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሾሁ ጥርት ብሎ ይታይ፣ ዒላማው ቢደበዝዝም ግድ የለም። ለአያት ወይም የቅርብ ነገር ለማየት መነጽር ለሚያደርግ ሰው ግን ቴሌስኮፕ መነጽር ይሻላል፤ የብረቱ እሾህ አይጠራላቸውም።

ቴሌስኮፕ ከተገዛ ለ.22 የተሠራ ይሁን። የትልልቅ ጠመንጃ መነጽሮች ብዙዎቹ የተስተካከሉት ለ90 ሜትር አካባቢ ነው፤ በ25 ሜትር ሲያዩባቸው ዓይን ትንሽ ዞር ባለ ቁጥር መስቀሉ ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ለ.22 የሚሠሩት ለ45 ሜትር ገደማ የተስተካከሉ ናቸው። የመያዣውን ቀለበት ስፋትም ያረጋግጡ፤ ብዙ ባለ .22 ጠመንጃዎች ጀርባቸው ላይ 11 ሚ.ሜ. ገደማ የሆነ መስመር አላቸው፣ ለወፍራሙ ሐዲድ የተሠራ ቀለበት አይገጥምላቸውም።

መነጽሩን እንዴት ላስተካክል?

ዒላማውን 25 ሜትር ላይ ይትከሉ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ ያስተኙና ቦልቱን ያውጡ። በአፈሙዙ ውስጥ ከኋላ እያዩ ጥቁሩን ክብ መሀል ያድርጉት፤ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ የመነጽሩን መስቀል ወደዚያው ነጥብ ያምጡ። ይህ ብቻ የመጀመሪያዋን ጥይት ወረቀቱ ላይ ያሳርፋታል።

ከዚያ ሦስት ይተኩሱ፣ ሦስቱም ሳያልቁ ምንም አይንኩ። በየጥይቱ ማዞር የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ያስተካክሉ መስሏቸው መነጽሩን ያበላሹታል። በአብዛኞቹ መነጽሮች የማስተካከያው ጉብ አንድ ጠቅታ የማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ) ሩብ ነው፤ ይህ በ25 ሜትር 1.8 ሚ.ሜ.፣ በ50 ሜትር 3.6 ሚ.ሜ. ያንቀሳቅሳል። የሦስቱ መሀል 18 ሚ.ሜ. ወደ ታች፣ 9 ሚ.ሜ. ወደ ግራ ከሆነ 10 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 5 ጠቅታ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ጉቡ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው ጥይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው።

በመጨረሻ ዒላማውን ወደ 50 ሜትር ወስደው አምስት አምስት እየተኮሱ ይጨርሱ። በ50 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ሜትር ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ብልሽት አይደለም። በ10 ሜትርም ዝቅ ይላል፤ መነጽሩ ከአፈሙዙ 4 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነው።

ከቤተሰብ ጠመንጃ ምን ይጠበቃል? በ50 ሜትር፣ ተደግፎ፣ አምስት ጥይት በ25 ሚ.ሜ. ውስጥ ካስቀመጠ ጥሩ ነው። ለንጽጽር፣ በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ዒላማ የአሥሩ ክብ ስፋት 10.4 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። በባያትሎን፣ በበረዶ ሸርተቴና ተኩስ ውድድር፣ ደግሞ በዚያው ርቀት ተኝቶ የሚመታው ክብ 45፣ ቆሞ የሚመታው 115 ሚ.ሜ. ነው፤ ለልጆች ጨዋታ የባያትሎኑ ልክ ይበልጥ ይመቻል።

ሁሉም ጥይት አንድ አይደለም?

አይደለም። .22 አፈሙዞች አመለኞች ናቸው፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መንታ ጠመንጃዎች የሚወዱት ጥይት ይለያያል። አራት ወይም አምስት ዓይነት አንዳንድ ፓኮ ገዝተው በ50 ሜትር ይሞክሩ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ የመጀመሪያዎቹን 10 ጥይቶች አይቁጠሩ፣ አፈሙዙ ከአዲሱ ቅባት ጋር እስኪለማመድ ነው። ለዒላማ መደበኛ ፍጥነት ያለውን፣ በሰኮንድ 325 ሜትር አካባቢ የሚሄደውን ያስቀድሙ። ፈጣኑ ከድምፅ በላይ ተነሥቶ መንገድ ላይ ከድምፅ ፍጥነት በታች ሲወርድ ይናወጣል።

ጥይት ቢከሽፍስ?

አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳነጣጠረ 30 ሰኮንድ ይቁጠሩ። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ቦልቱ ተከፍቶ ከፈነዳ ጉዳቱ የከፋ ነው። ይህን ለልጁ ከመጀመሪያው ጥይት በፊት ያስተምሩት፣ ምክንያቱም ጠመንጃው ዝም ሲል ልጅ የሚያደርገው ነገር ጠመንጃውን ይዞ ወደ አባቱ መዞር ነው።

ከዚያ ቦልቱን ከፍተው የቀለሁን ጠርዝ ይመልከቱ። የ.22 ቀስቃሽ ባሩድ ያለው በጠርዙ ዙሪያ ነው፤ አንድ ቦታ ሳይሞላ ከቀረ መርፌው እዚያ ሲመታ አይነሣም። የመርፌው ምልክት ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ምልክቱ ለስላሳ ከሆነ በቦልቱ ውስጥ ያለውን ቆሻሻና የመርፌውን ሞላ ይጠርጥሩ።

ከክሽፈት የሚብሰው ደካማ ተኩስ ነው። ድምፁ “ፑፍ” ካለና ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ከሌለ ቀጣዩን እንዳይተኩሱ። ጠመንጃውን አራግፈው፣ ቦልቱን አውጥተው በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን መታየቱን ያረጋግጡ።

ባዶውን ምላጭ መሳብ ለልምምድ ይቻላል?

ልምምዱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ጠመንጃው ይፈቅድ እንደሆነ ግን መመሪያውን ያንብቡ። በብዙ አሮጌ .22 ጠመንጃዎች መርፌው ጠርዝ ሲያጣ የጥይቱን ቤት ብረት ይመታል። መፍትሔው የልምምድ ጥይት ነው፤ ለግድግዳ ብሎን የሚያገለግለው ትንሹ ፕላስቲክ ፊሸርም በልኩ ከተገኘ ያንን ሥራ ይሠራል። ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ ከእውነተኛ ጥይት አይምታታም። ሲልሽቅ አዙረው ወይም ቀይረው ይጠቀሙበት፣ እውነተኛውም ጥይት ሌላ ክፍል ይሁን።

የት ነው የሚተኮሰው?

ፈቃድና የልጆች ዕድሜ በየአገሩ ይለያያል፤ ሕጉን ያጣሩ። ከሕጉ ባሻገር ግን ጥይቱ “ትንሽ” መባሉ አያታልልዎ፤ ወደ ላይ ከተተኮሰ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ከዒላማው ጀርባ ድንጋይ የሌለበት ረጅም የአፈር ክምር ያስፈልጋል። ለስላሳ እርሳስ በውኃ፣ በድንጋይና በደረቅ መሬት ላይ ነጥሮ ይሄዳል። ጠርሙስና የዘይት ጣሳ መተኮስ ይቅር። የብረት ዒላማ ከተፈለገ ጠንካራ፣ ያልተጎደጎደ፣ ፊቱ ወደ መሬት ያዘነበለ ይሁን፤ ጎድጓዳ ብረት ስብርባሪን ወደ ተኳሹ ይመልሳል።

ጆሮና ዓይንስ? ደግሞ እርሳሱ?

የ.22 ጠመንጃ ድምፅ ለጆሮ የማይከብድ ይመስላል፤ ግን 140 ዴሲቤል አካባቢ ስለሚደርስ ጆሮ ይጎዳል። የሚያየውም ሰው የጆሮ መከላከያና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ተኩስ ላይ አይበላም፣ አይጠጣም። ሲጨርሱ እጅና ፊት በቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና ይታጠባል፣ ልብስ ለብቻው ይታጠባል። ነፍሰ ጡር እናት ከተኩሱም ከጽዳቱም ብትርቅ ይሻላል። ቀለህ የሚለቅመውም ሕፃኑ አይሁን።

በስንት ጊዜው ይጸዳል?

ከሚታሰበው ያነሰ። የጥይቱን ቤት፣ የቦልቱን ፊትና ቀለህ ሳቢውን በየ200 ጥይቱ ይጥረጉ፤ አፈሙዙን ግን ምቱ መበተን ሲጀምር። ጥይት አልገባ እያለ ቦልቱ ካስቸገረ ከጥይቱ ቤት ፊት ያለውን የካርቦን ቀለበት ይፈትሹ። ሁልጊዜ ከኋላ ወደ ፊት፤ ለባለ ሌቨሩ ደግሞ የሚጎተት የጽዳት ገመድ ይጠቀሙ። በአፈሙዙ ውስጥ ዘይት ከቀረ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ይስታሉ፣ ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ይጨርሱ።

ቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጥ?

ተራግፎ፣ ተቆልፎ፣ ቦልቱ ተነቅሎ ለብቻው፣ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ። ቁልፉን “ልጆች አያውቁትም” በሚባል መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ መደበቅ አይባልም፤ ያውቁታል።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይምሰል?

15 ሜትር፣ ሰፊ ወረቀት፣ የአሸዋ ከረጢት፣ አዋቂው ከልጁ ትከሻ አጠገብ፣ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ተኳሽ። ልጁ ምላጩ ላይ ጣት የሚያደርገው ሲያነጣጥር ብቻ መሆኑን በባዶው ጠመንጃ ደጋግሞ ያሳይ። ከ20 እስከ 30 ጥይት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ይደክማል፣ ምላጩን መጫን ትቶ መንጠቅ ይጀምራል፣ ቀዳዳዎቹም ወደ ታች ይወርዳሉ። ያንን ሲያዩ ቦልቱን ከፍተው ወረቀቱን ይንቀሉለትና ይዞት ወደ ቤት ይሂድ።